ለእንቁጣጣሽ ቮልሳችሁን ስታስነሡ

ወዳጆቻችን፣ እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን በሰላም አሸጋገራችሁ!

ሰማዩ ጠርቷል፤ ሱሉልታ ሜዳ አደይ ለብሷል። ክረምቱን በግቢ ጥግ ሸራ ተከናንባ ያሳለፈችው ቮልስም የምትወጣበት ጊዜ ነው። ከበዓሉ በኋላ ባለው ቅዳሜና እሁድ ተሰባስባችሁ በእንጦጦ ጀርባ፣ በጫንጮና በሙከጡሪ አድርጋችሁ ወደ ደብረ ሊባኖስ ለምትወጡ ሁሉ ይህ መልእክት ይድረሳችሁ። መንገዱ ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። በ60 እና በ70 ፍጥነት፣ መስኮት ዝቅ አድርጎ፣ የሜዳውን ሽታ እየሳቡ ለሚሄዱበት መንገድ ከዚህ የተሻለ ወቅት የለም። የደስታው ግማሽ ግን የሚገኘው በጳጉሜን ቀናት ኮፈኑን ከፍቶ እጅን ዘይት በማስነካት ነው።

መጀመሪያ የኋላውን መቀመጫ አንሡ። ባትሪው ያለው እዚያ ሥር፣ በቀኝ በኩል ነው፤ የክረምት እርጥበትና የባትሪ አሲድ ተባብረው ወለሉን የሚበሉትም እዚያው ነው። ሽፋኑ ከጠፋ ወፍራም ጎማ አልብሱት። ከኋላ ከባድ ሰው ሲቀመጥ የመቀመጫው ሞላ የባትሪውን ጫፎች ይነካል፤ ብልጭታው የመቀመጫውን ሙሊት ያቀጣጥላል። በበዓል ቀን ልጆች የሚቀመጡት በዚህ ቦታ መሆኑን አትርሱ። የማራገቢያውንም አፍ በባትሪ መብራት እዩት፤ ከተማ ውስጥ እንኳ አይጥ ጎጆ ትሠራበታለች።

ቀጥሎ ቫልቭ። ሞተሩ ሌሊቱን አድሮ ፍጹም ሲቀዘቅዝ፣ ጠዋት፣ ማንም ሳያስነሣው። በ1300፣ በ1500 እና በ1600 ሞተሮች የሁሉም ቫልቭ ክፍተት (በቫልቩ ጫፍና በሚገፋው ክንድ መካከል ያለው) 0.15 ሚሊ ሜትር ነው። ከአንደኛው ሲሊንደር ጀምሩ፣ ከዚያ የታችኛውን ፑሌጃ (ቺንጋው የሚዞርበትን መዘውር) ግማሽ ዙር ወደ ኋላ እያዞራችሁ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ብላችሁ ጨርሱ። ክፍተቱን የሚለካው ቀጭን ብረት፣ ፊለር ጌጁ፣ ሲሳብ ያዝ፣ ለቀቅ ማለት አለበት። ቀጭ ቀጭ የሚል ቫልቭ አያስፈራም፤ የሚያስፈራው ዝም ያለው ነው። ክፍተቱ ሲጠፋ ቫልቩ መቀመጫው ላይ በደንብ አይገጥምም፤ ሙቀቱን ለቴስታታው (ለሲሊንደሩ ክዳን) ማስረከብ ሲያቅተው ይቃጠላል ወይም ይበጠሳል። በተለይ ሦስተኛውን ሲሊንደር ጠብቁት። እ.ኤ.አ. ከ1971 በፊት በተሠሩት ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው በንፋሱ መንገድ ላይ ስለቆመ ለሦስተኛው የሚደርሰው ትኩስ አየር ነው። ዘይቱን ስትቀይሩ 2.5 ሊትር ይበቃል። ፊልትሮ የለውም፤ ወንፊት ብቻ ነው፤ ወንፊቱን በቤንዚን እጠቡና ሁለቱንም የወረቀት ጓርኒሲዮኖች ቀይሩ። ስድስቱን ትንንሽ ዳዶዎች ቀስ ብላችሁ አጥብቁ፤ በጉልበት ከታገላችኋቸው ጥርሱ ይበላል፣ ዘይቱም መንገድ ላይ ያልቃል።

ቺንጋው ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ብዙ ሞተር የሞተው በእሱ ሰበብ ነው። ቮልስ ራዲያተር የላትም። ዲናሞውን የሚያዞረው ቺንጋ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘውንም ማራገቢያ ያዞራል። እየነዳችሁ የቻርጁ ቀይ መብራት ቦግ ካለ ዳር ይዛችሁ ወዲያው አጥፉ። በሌላ መኪና እስከሚቀጥለው ከተማ ይኬድ ይሆናል፤ በቮልስ ግን ዳገት ላይ ጥቂት ደቂቃ ይበቃታል። ለመቀየር በዲናሞው ፑሌጃ ጠርዝ ላይ ባለው ስንጥቅ ካቻቢቴ አስገብታችሁ አስደግፉት፣ ዳዶውን በ21 ቁጥር ቁልፍ ፍቱት። ፑሌጃው ለሁለት ይከፈላል፤ በመካከሉ ቀጫጭን ሮንዴላዎች አሉ። ከመካከል ሲቀነሱ ቺንጋው ይወጠራል፣ ሲጨመሩ ይላላል። የተቀነሱትን ከውጭ፣ ከዳዶው ሥር ደርድሯቸው፤ ለሚቀጥለው ጊዜ አይጠፉም። ስታጠብቁ ሞተሩን በእጅ እያዞራችሁ ይሁን፣ አለዚያ ቺንጋው በሁለቱ ግማሾች መካከል ይቆነጠጣል። በአውራ ጣት ስትጫኑት 15 ሚሊ ሜትር ያህል ይግባ። እጅግ የተወጠረ የዲናሞውን ኩሽኔታ ይበላል፤ የላላ ደግሞ ይንሸራተታል። ትርፍ ቺንጋና 21 ቁጥር ቁልፍ ሳይዝ የሚወጣ ቮልስ አይኑር።

የቤንዚን ጎማ የዕድሜ ነገር ነው፤ ከተሰነጣጠቀ አዲስ ግዙ። ከፓምፑ ወደ ካርቡሬተሩ የሚሄደው ከዲስትሪቢውተሩ ብዙም አይርቅም፤ የሚያፈስ ቤንዚንና ብልጭታ ጎረቤት ሆነው አይሰንብቱ። የእሳት ማጥፊያውን ጋቢና ውስጥ ያዙት፤ ከፊት ያለው የቤንዚን ታንከር፣ ከኋላ ያለው ሞተሩ ነው።

ከዚያ ዳገቱ ይመጣል። በየ1,000 ሜትሩ ሞተር ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ገደማ ያጣል፤ የ1200ዋ 34 የፈረስ ጉልበት እንጦጦ ጀርባ ስትደርስ 25 ቢሆን ነው። ካንዴላው ጥቁር ጥላሸት ከለበሰ ቤንዚኑ በዝቷል ማለት ነው፤ ለከፍታችን አነስ ያለ ዋና ጄት (ካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚን የሚያልፍበት ቀዳዳ) ይስማማዋል። ሱሉልታ ላይ ሌላም ያጋጥማል። በማለዳው ቅዝቃዜና እርጥበት ካርቡሬተሩ ውስጥ በረዶ ይሠራል፣ ሞተሩም ቀስ ስትሉ ይጠፋል። በማኒፎልዱ (ከካርቡሬተሩ ወደ ሞተሩ በሚወስደው ቱቦ) ሥር ከማርሚታው ትኩስ ጭስ የሚያመላልስ ቀጭን ቱቦ አለ፤ እሱ በካርቦን ሲደፈን ነው ይህ የሚመጣው። ሞተሩ አምስት ደቂቃ ከሠራ በኋላ ሁለቱንም ጫፍ በጥንቃቄ ነካ አድርጉ፤ አንዱ ከቀዘቀዘ ተደፍኗል፣ ተፈትቶ ይጠረግ።

ጎሚስታው ለአራቱም እኩል እንዳይሞላ ንገሩት፦ ፊት 18፣ ኋላ 27 ፒኤስአይ። ክብደቱ ከኋላ ስለሆነ ፊቱ ካልለዘበ መኪናዋ በእርጥብ አስፋልት ላይ ጭራዋን ትወረውራለች።

በሰልፉ ፊት ደካማዋ ትሂድ፤ ሁሉም ፍጥነቱን ከእሷ ይውሰድ። ጠንካራው 1600 መሣሪያውንና ክሪኩን ይዞ ከኋላ ይሁን። እያንዳንዱ ሹፌር በመስታወት የኋለኛውን ይይ፤ ከጠፋበት ዳር ይዞ ይጠብቅ፤ የፊተኛውም እንዲሁ ያደርጋል፣ ማንም ብቻውን አይቀርም። ሚኒባስ ገብቶ የሚያልፍበት ክፍተት ተዉ። በመንገዱ ዳር የአደይ እቅፍ ይዘው የሚሮጡ ልጆች አሉና መንደር ስትደርሱ ማርሽ ቀንሱ። አበባውን ከገዛችሁም ቆማችሁ፣ ከአስፋልቱ ወጥታችሁ ይሁን። ጠላና ጠጅ ለሹፌር አይቀርብም፤ ለእሱ ድፎና ቡና ይበቃዋል።

ጭላዳውንና ገደሉን አይታችሁ ስትመለሱ፣ ወደ ከተማው የሚወርደውን ቁልቁለት በወጣችሁበት ማርሽ ውረዱት። የከበሮ ፍሬን ተረግጦ ከቆየ ይግላል፣ ሲግል መያዝ ያቅተዋል። ቤት ስትደርሱ ሞተሩን ከማጥፋታችሁ በፊት አንድ ደቂቃ በቀስታ ይሥራ፤ ከዚያ ከሥሯ ካርቶን አንጥፉ። ጠዋት ሁለት ሦስት ጠብታ ዘይት ብታዩ የቮልስ ጠባይ ነው፤ ቤንዚን ከሸተታችሁ ግን ቁልፉን ሳትነኩ የሚያፈሰውን የቤንዚን ጎማ ፈልጉ።

አዲሱ ዓመት የሰላም፣ የጤናና የፍቅር ይሁንላችሁ። መልካም እንቁጣጣሽ!