ያልወደቀው ጣሪያ

ትልቅ የዜና ድርጅት ጋ ነው የምሠራው ስል ሰው ስቱዲዮና ከረባት ነው የሚታየው፣ እኔ ግን ጎንደር ማራኪ አካባቢ አንድ ክፍል ተከራይቼ መብራት ሲጠፋ በስልክ ዳታ ዜና የምልክ ስትሪንገር ነኝ። ስትሪንገር እንግዲህ ደሞዝ የለውም፣ ዜናው ሲወጣ ይከፈለዋል፣ ካልወጣ የለም።

የዛሬው ገጠመኝ ፋሲል ግቢ ሳይታደስ በፊት የሆነ ነው። ነሐሴ ነበር፣ ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ሲወርድ አድሮ ገና ሳይነጋ ከአዲስ አበባ የዴስኩ፣ ማለትም ዜናችንን የሚቀበለው ክፍል፣ ሰውዬ ደወለ። «ወንድሜ ተኝተሃል እንዴ? የፋሲል ግንብ ጣሪያ ተደርምሷል እየተባለ ፌስቡኩ ሁሉ እሱን ነው የሚያወራው» ብሎ ፎቶ ላከልኝ። ከፍቼ ሳየው ጣሪያ የሌለው ግንብ፣ በመስኮቱ ወዲያ ሰማዩ የሚታይ። ጎንደር ያደገ ሁሉ ያውቀዋል፣ እዚያው ግቢ ውስጥ ያለው የአፄ ኢያሱ ግንብ ነው እንጂ የፋሲል አይደለም! በፈረንጆቹ 1704 የመሬት መንቀጥቀጥ ጎድቶት፣ ኋላ ደግሞ ጣሊያን ግቢውን ይዞ ሳለ የእንግሊዝ አውሮፕላን በቦምብ የመታው። ይሄን ብነግረው «እኔም ገብቶኛል፣ ግን ያንተ ማወቅ ምንጭ አይሆንም፣ ሄደህ እይና ስም ያለው ሰው አናግር» አለኝ። እውነቱን ነው እሱስ፣ በዚህ በኩል አልቀየመውም።

ዝናቡ እየመታኝ በባጃጅ ፒያሳ ወረድኩ። በሩ ላይ ጥበቃው ጋሼ ጋቢያቸው ላይ ላስቲክ ደርበው ተቀምጠዋል። «ጋሼ እንደምን አደሩ፣ ማታ የወደቀ ነገር አለ?» አልኳቸው። ፎቶውን ከስልኬ አዩት፣ ቀና ብለው ደግሞ እኔን አዩኝ። «የወደቀውማ ወድቋል ልጄ፣ አንተ ሳትወለድ።»

ትኬት ቆርጬ ገባሁ፣ ዞርኩ። ድንጋዩ ረጥቦ ጠቁሯል፣ ሣሩ ውሃ አቁሯል፣ የፋሲል ግንብ አራቱም ማማ እንዳለ ነው። ቪዲዮ ቀረጽኩና ላኩ። የቀረኝ ባለሥልጣን ነው፣ ጉዱም እዚህ ጋ ነው። የሚመለከተው ቢሮ ሄጄ ኃላፊውን ባናግረው ምንም እንዳልወደቀ እየሳቀ ነገረኝ፣ ስምዎን ልጥቀስ ስለው ግን ሳቁ ጠፋ፣ «የበላይ አካል ሳያውቅ መግለጫ አልሰጥም፣ ደብዳቤ አምጣ» አለኝ። ጣሪያ ወደቀ ለማለት ማንም ፈቃድ አልጠየቀም፣ አልወደቀም ለማለት ግን ደብዳቤ!

እስከ ከሰዓት እዚያው በረንዳ ላይ ቆምኩ፣ ዴስኩ በየግማሽ ሰዓቱ ይደውላል፣ ሌሎቹ እኮ አወጡት ይለኛል፣ እኔም ያወጡት ይታረሙበት እላለሁ። በመጨረሻ ኃላፊው ተሰላችቶ ይሁን አዝኖልኝ ስሙን ሰጠኝና ጽፌ ላኩ። ማታ ላይ ምን መልስ ቢመጣ ጥሩ ነው? «ምንም ካልተፈጠረ ዜና የለም፣ አናወጣውም፣ አመሰግናለሁ።» የጻፈልኝ ደግሞ ሌላ ሰው ነው፣ የጠዋቱ ሰውዬ ፈረቃው አልቆ ወጥቷል፣ ማን እንደላከኝም የሚያውቅ የለም።

በወሩ መጨረሻ ያ ቀን ባዶ ሆኖ መጣ። ውሸት እንዳያወጡ ያደረግኩት ሥራ በሒሳባቸው ዜሮ ነው፣ በዚያ ላይ ፋይናንስ የባጃጁን ደረሰኝ ላክ አለኝ፣ የጎንደር ባጃጅ ደረሰኝ ሲቆርጥ ያየ ሰው ካለ ይንገረኝ!

ከዚያ ወዲህ አጣራ ተብዬ ሲደወልልኝ ጫማዬን ከማሰሬ በፊት «ባይወጣም የቀን ይከፈላል ወይ?» እላለሁ፣ አዎ ካሉ ደግሞ በኢሜይል ጻፉልኝ እላለሁ፣ ፈረቃ ይቀየራልና። መጀመሪያ ሰሞን አኮረፉ፣ አሁን ለምደውታል፣ የወጣ ዜና ክፍያ ግማሹን ይሰጡኛል። ደባርቅ ያለው ጓደኛዬም ይሄንኑ ጠይቆ ተፈቅዶለታል። እናንተም በስትሪንገርነት የምትሠሩ ካላችሁ ጠይቁ፣ ካልጠየቃችሁ ማንም አንስቶ አይነግራችሁም።