ብሰርዝ ብሰርዝ ያልጎደለው ዲስክ

የስልክ ማዞሪያ መነካካት ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። አስተሪስክና ፍሪፒቢኤክስ የሚባሉትን የማዞሪያ ሶፍትዌሮች የጫንኩበት አሮጌ ዴስክቶፕ አሁን የአንድ ትንሽ ቢሮ ማዞሪያ ሆኗል። እስካለፈው ሰኞ ድረስ ድምፁም አይሰማ።

ሰኞ ጠዋት ጸሐፊዋ ደወለችልኝ። «ስልኩማ ይሠራል፤ የጥሪ ሪፖርቱ ግን ከዓርብ ወዲህ ባዶ ነው» አለች። ገብቼ ዲኤፍ በሚለው የዲስክ ቦታ ማሳያ ትእዛዝ ሳይ ዲስኩ 100% ሞልቷል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ማለት ይኼኔ ነው።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ሲዲአርን፣ ማለትም የጥሪ መዝገቡን ነው። ጥቂት የድምፅ ቅጂዎች ወደ ፍላሽ አውጥቼ መተንፈሻ አገኘሁና ዓመት ያለፈውን ጥሪ በሙሉ በአንድ ትእዛዝ ሰረዝኩ። በየሌሊቱ ባክአፕ አለኝ ብዬ ልቤን ሞልቼ ነው። ዲስኩ አልጎደለም። እንዲያውም ጨመረ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ኢኖዲቢ፣ ማለትም የዳታቤዙን መረጃ ዲስክ ላይ የሚያስቀምጠው ክፍል፣ የተሰረዘውን ቦታ ለራሱ ይይዘዋል እንጂ ለዲስኩ አይመልስም። ተከራዩ ወጣ እንጂ ቤቱ አልፈረሰም። በዚያ ላይ ስረዛው መሃል ላይ ቢከሽፍ ወደ ነበረበት ለመመለስ አሮጌውን መረጃ ለጊዜው ሌላ ቦታ ያኖራል። ስለዚህ ብዙ መስመር ሲሰረዝ አምስት አምስት ሺህ እያደረጉ ነው። ፋይሉን የሚያሳንሰው ኦፕቲማይዝ ቴብል የሚባለው ትእዛዝ ነው፤ እሱ ደግሞ ሠንጠረዡን እንደ አዲስ ገልብጦ ነው አሮጌውን የሚጥለው። ቦታ ለማግኘት ቦታ ይፈልጋል፣ ጉድ እኮ ነው።

የየሠንጠረዡን ፋይል መጠን ሳይ ዋናው በላተኛ ሌላ ሆኖ ተገኘ፦ ሲኢኤል፣ ማለትም በጥሪ ውስጥ የሚሆነውን ሁሉ የሚመዘግበው ሠንጠረዥ። ስልኩ ሲጠራ፣ ሲነሳ፣ ሲዛወር፣ ሲዘጋ ለእያንዳንዱ ለየብቻ መስመር ይጽፋል። አንድ ተራ ጥሪ ደርዘን መስመር ሊያወጣ ይችላል። እየረገምኩት ወደ ፍላሽ ደምፕ አደረግኩትና፣ ማለትም ሙሉ ቅጂውን አወጣሁና፣ ትራንኬት አልኩት። ትራንኬት ፋይሉን ጥሎ ባዶ ስለሚፈጥር ቦታው ወዲያው ተለቀቀ፤ 71% ገባ። ከዚያ ሲዲአሩን በሰላም ኦፕቲማይዝ አደረግኩ።

የድምፅ ቅጂውንም አስተካከልኩ። ያልታመቀ ዋቭ የድምፅ ፋይል በሴኮንድ 16 ሺህ ባይት ነው፤ ደቂቃው 1 ሜጋባይት ሊሞላ ምንም አይቀረው።

ባክአፑም ጥፋተኛ ነበር። እዚያው ዲስክ ላይ ይከመራል፣ አሮጌውን የሚያነሳለት የለም። አሁን ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ወደ ሌላ ማሽን ይሄዳል፤ 14 ብቻ ይቀመጣሉ። ደምፑ ሲንግል ትራንዛክሽን በሚለው አማራጭ ስለሚሠራ የጥሪ ምዝገባው አይቆምም።

ቅዳሜ አንዱን ባክአፕ ባዶ ላፕቶፕ ላይ መለስኩት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ መሆኑ ነው፣ አትፍረዱብኝ። ኤክስቴንሽኖቹ፣ ማለትም የቢሮው የውስጥ ቁጥሮች፣ ሁሉ ከች አሉ። ሪፖርቱን ስከፍት ግን አንድ ጥሪ የለም። ለካ ዳታቤዙ ሁለት ነው፦ ቅንብሩ «አስተሪስክ» ውስጥ፣ ጥሪዎቹ «አስተሪስክሲዲአርዲቢ» ውስጥ። ስክሪፕቴ ላይ ያለው የመጀመሪያው ብቻ። ሰኞ የሰረዝኩት ጥሪ ደግሞ የትም የለም ማለት ነው።

የትም እንኳ አይደለም። ፍላሹ ላይ ያ የረገምኩት ሲኢኤል አለ። ሊንክድአይዲ የሚለው አምድ የአንድን ጥሪ መስመሮች አንድ ላይ ያስራቸዋል። በእሱ እየሰበሰብኩ ጥርና የካቲትን ጨርሻለሁ። ለጸሐፊዋ ገና አልነገርኳትም።