ሐረጎን ያልረሱት አባቴ

አባቴ ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። ሠላሳ ዓመት ከደሴ ኮምቦልቻ የጭነት መኪና ሲነዱ ኖረዋል። የሐረጎን ቁልቁለት ዛሬም ኩርባ በኩርባ ያውቁታል፤ የት ላይ ማርሽ እንደሚቀነስ፣ ክረምት ሲገባ ጉሙ የት ላይ ዓይን እንደሚጋርድ ይነግሯችኋል።

ባለፈው ቅዳሜ ሆጤ ካለው ቤታችን ሳሎን ተነሥተው “መነጽሬን ላምጣ” ብለው ወደ ጓዳ ገቡ። እዚያው ቆመው ቀሩ። “ልጄ፣ ምን ፍለጋ ነበር የገባሁት?” ሲሉኝ “ትናንትም እንዲሁ ነበር እኮ!” ብዬ ተቆጣሁ። ምንም አልመለሱም፤ ተመልሰው ተቀመጡ። ያ ዝምታ እንቅልፍ ነሣኝ።

የባዮሎጂ መምህርት ነኝ። ለዓመታት “ስናረጅ የአንጎል ሕዋሳት በብዛት ይሞታሉ” እያልኩ አስተምሬያለሁ። ያን ሌሊት ስለ ሬሰስ ጦጣዎች ሳነብ ይህን ማረም እንዳለብኝ ገባኝ። የእነርሱ አንድ ዓመት ከእኛ ሦስት ዓመት ጋር ይቀራረባል፤ የሃያ አምስት ዓመት ጦጣ የአባቴ እኩያ ናት ማለት ነው። በአንድ ሙከራ ጦጣዋ እያየች ምግብ ከሁለት ጉድጓዶች በአንዱ ይደበቅና ለጥቂት ሴኮንዶች ይጋረዳል። ወጣቷ ቦታውን ታስታውሳለች፤ አሮጊቷ ግን ቆይታው በረዘመ ቁጥር ትስታለች። በግንባር በኩል ባለው የአንጎል ክፍል ያሉት ሕዋሳት ግን በአብዛኛው አልሞቱም። የሳሳው በቅርንጫፎቻቸው ላይ ያለው፣ ከሌሎች ሕዋሳት መልእክት የሚቀበለው እሾህ መሰል ጉጥ ነው፤ ሲሦ ያህሉ ይጠፋል። የሚጠፉት በተለይ ቀጫጭኖቹ ናቸው። ወፍራሞቹ፣ ተመራማሪዎች ከቆየ ትዝታ ጋር የሚያያይዟቸው፣ ይበልጥ ይጸናሉ። ሐረጎ ሳይረሳ መነጽሩ የሚረሳው ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ተገለጠልኝ።

ይበልጥ የነካኝ ግን የዬል ዩኒቨርሲቲዋ ኤሚ አርንስተንና ባልደረቦቿ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2011 ያሳተሙት ጥናት ነው። አንድን ነገር ለአፍታ በሐሳብ የሚይዙት ሕዋሳት በአሮጌ ጦጣዎች ላይ የሚልኩት መልእክት ይደክማል። ጓንፋሲን የተባለውን መድኃኒት ከሕዋሳቱ አጠገብ ጠብ ሲያደርጉ ግን እንደገና በርትተው መልእክት መላክ ጀመሩ። ደክመው እንጂ ሞተው አልነበረም!

አባቴ የለመዱት መንገድ ከጠፋቸው፣ የልጅ ልጆቻቸውን ካላወቁ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ሳልውል ሳላድር ሐኪም ዘንድ እወስዳቸዋለሁ።

እሑድ ጠዋት ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ከወንበራቸው አጠገብ ግድግዳው ላይ ለመነጽሩ ሚስማር መታሁ። ዛሬ ሁለት ጊዜ “የት አለ?” አሉኝ፤ ሁለት ጊዜም አሳየኋቸው።