የኮሮናን አራት ፕሮቲኖች በዌስተርን ብሎት ማየት

ዌስተርን ብሎት ፕሮቲኖችን በጄል ላይ በክብደት ለይቶ፣ ሜምብሬን ወደሚባል ስስ ሽፋን አሸጋግሮ፣ በአንቲቦዲ (ፕሮቲኑን ለይቶ በሚይዝ ሞለኪውል) እንደ መስመር የሚያሳይ የላብራቶሪ ዘዴ ነው። የኮቪድ-19 ቫይረስ የሆነው ሳርስ-ኮቪ-2 አራት የመዋቅር ፕሮቲኖች አሉት፦ ኤስ፣ ኤን፣ ኤም እና ኢ። አራቱን በአንድ አሠራር ለመያዝ መሞከር ትርፉ ድካም ነው።

ቀላሉ ኤን ነው። በተጠቃ ሴል ውስጥ ሞልቶ ስለሚገኝ 20 ማይክሮግራም ናሙና ይበቃል፤ መስመሩ 50 ኪሎዳልተን (የፕሮቲን ክብደት መለኪያ) አካባቢ ይወጣል። ለ2003ቱ ሳርስ የተሠራ የኤን አንቲቦዲም ብዙ ጊዜ ይይዘዋል፤ የሁለቱ ኤን 90 በመቶ ያህል ይመሳሰላልና።

ኤስ ያደናግራል። በስሌት 141 ኪሎዳልተን ቢሆንም ስኳር ስለተሸከመ 180 አካባቢ ይቆማል። ፉሪን የተባለው የሴሉ ኢንዛይም ሲቆርጠው ለኤስ2 (ለሁለተኛው ቁራጭ) የተሠራ አንቲቦዲ 90 አካባቢ ሌላ መስመር ያሳያል። ይህ ቆሻሻ አይደለም፤ ስለዚህ አንቲቦዲው የትኛውን ክፍል እንደሚይዝ መጀመሪያ ይታይ።

ኤም በ95 ዲግሪ ሲሞቅ ይጓጉልና ጄሉ አናት ላይ ይቀራል፤ በ37 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ ማሞቅ ይሻላል። ኢ ደግሞ 75 አሚኖ አሲድ ብቻ ነው። 0.45 ማይክሮሜትር ሜምብሬን ሾልኮት ያልፋል፤ 0.2 ይጠቀሙ፣ የማሸጋገሪያውን ጊዜም ያሳጥሩ።

ሜምብሬኑን በ5 በመቶ ወተት ለ1 ሰዓት ይሸፍኑ። ዋናውን አንቲቦዲ በ1፡1000 አቅጥነው በ4 ዲግሪ ያሳድሩ፤ ከዚያ 3 ጊዜ ለ10 ደቂቃ ይጠቡ። ዋናውን የሚይዘው ሁለተኛው አንቲቦዲ ፐርኦክሲዴዝ (መስመሩን የሚያሳየው ኢንዛይም) ካለው ሶዲየም አዛይድ የተባለው ማቆያ ኬሚካል አይንካው፤ ኢንዛይሙን ያከሽፈዋል፣ ሜምብሬኑም ባዶ ይወጣል። ያልተጠቃ ሴል ናሙና ጎን ለጎን ካልሮጠ የትኛውንም መስመር አልቀበልም።