ሶኬት የሌለው ፒያኖ

ሮድስ ስቴጅ 73 የሚባለውን ኤሌክትሪክ ፒያኖ ገዝቶ ቤቱ ያስገባ ሰው በመጀመሪያው ቀን ዙሪያውን እየዞረ የመብራት ገመድ ይፈልጋል። የለውም። ስቴጁ ውስጥ ማጉያ የለም፤ እንደ ኤሌክትሪክ ጊታር በአንድ ገመድ አምፕሊፋየር ላይ ይሰካል፤ ምልክቱን የሚያመነጩት ማግኔትና የመዳብ ጥቅል ብቻ ናቸው። ስለዚህ ከአሜሪካ አዲስ አበባ ቢመጣም የ110 እና የ220 ቮልት ጣጣ የለበትም። ሱትኬዝ የሚባለው ወንድሙ ግን ማጉያና አራት ባለ 12 ኢንች ስፒከር ከሥሩ ተሸክሞ ስለሚመጣ፣ ያለ ቮልቴጅ መቀነሻ ትራንስፎርመር 220 ላይ ከተሰካ ማጉያው ይቃጠላል።

ይህን ማስቀደሜ ያለ ምክንያት አይደለም። «ኤሌክትሪክ ፒያኖ» ሲባል ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ብየዳን ነው። አንድ ኖታ ሲደክም ፒያኖው ተጭኖ ሬዲዮ ጠጋኝ ጋ ይሄዳል፤ የብየዳ ካውያ ይነካዋል፤ ደህና የነበረው ሽቦ ይበጠሳል። የሮድስ ሕመም በአብዛኛው ከእንጨት፣ ከጎማ፣ ፌልት ከሚባለው ጥቅጥቅ የሱፍ ጨርቅና ከብሎን ነው የሚመጣው። ካውያ የመጨረሻው መሣሪያ መሆን አለበት ብዬ አምናለሁ።

ቁልፉ ሲጫን ጭራው ይነሳና መዶሻውን ወደ ላይ ይወረውራል። የመዶሻው ጎማ ታይን የሚባለውን ቀጭን የብረት ዘንግ ይመታል። ታይኑ ከላዩ ካለው ቶን ባር ከሚባለው ወፍራም ብረት ጋር አንድ ላይ ይንቀጠቀጣል፤ ጫፉ ፒክአፑ (ማግኔቱና የመዳብ ጥቅሉ) ፊት ሲወዛወዝ ድምፁ ወደ ገመዱ ይገባል። መዶሻው ሲነሳ በአንዲት የጨርቅ ጥብጣብ ማፈኛውን (ዳምፐሩን) ወደ ታች ይስበዋል፤ ቁልፉ ሲለቀቅ የማፈኛው ፌልት ተመልሶ ታይኑን ዝም ያሰኘዋል። ይህ ሁሉ 73 ጊዜ ተደግሟል። ቁልፍ ተጭኖ «ዱፍ» ብቻ የሚል ኖታ ሲገኝ ቴስተር ከማውጣት በፊት ጥብጣቧን ማየት ይበጃል። ከተበጠሰች ማፈኛው አይወርድም፤ ኖታው እንደታፈነ ይመታል። ቁልፉ ተለቆም የሚጮኽ ከሆነ ደግሞ የማፈኛው ክንድ ወደ ታይኑ በቂ ጫና የለውም፤ በጥቂቱ ወደ ላይ ማጎበጥ ይበቃዋል።

ዕድሜውን ለማወቅ ታይኖቹንና ቶን ባሮቹን በተሸከመው ፍሬም፣ በሃርፑ ላይ የተመታውን ባለ አራት አኃዝ ማኅተም ማንበብ ነው። 3276 ካለ በ1976 እ.ኤ.አ. በ32ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። ዕድሜው ለጌጥ አይደለም የሚጠቅመው፤ ዕቃ ሲታዘዝ የመዶሻውም የጎማውም ዓይነት የሚለየው በእሱ ነው።

ሥራው ከቁልፍ ይጀምራል። ክረምት ላይ ርጥበት ሲገባ የቁልፉ መሪ ፌልት ያብጥና ቁልፉ ወርዶ ይቀራል። ዘይት ማርከፍከፍ ትልቅ ጥፋት ነው። ፌልቱ ዘይቱን ይጠጣል፤ አቧራ ይይዛል፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ከበፊቱ ይብሳል። የፌልት ማላሊያ ፒንሳ ካለ በስሱ መጭመቅ፣ ከሌለ የቁልፉን መሪ ሚስማር አጽድቶ ቁልፉን ደረቅ ቤት ውስጥ ማቆየት ይሻላል። ቁልፍ እስከ መጨረሻው ሲጫን 1 ሴንቲሜትር ገደማ ይወርዳል፤ ከዚያ ያነሰው ጣት ላይ ጠንካራ ሆኖ ይሰማል።

ቀጥሎ የመዶሻ ጎማ። ጎማዎቹ ከባስ ወደ ላይ እየጠነከሩ የሚሄዱ አምስት ደረጃ ናቸው፤ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። ታይኑ ለዓመታት አንድ ቦታ ሲመታው ጎማው ላይ ቦይ ይወጣል። ቦዩ ድምፁን ያሻክራል፤ ታይኑንም ይጎዳል። ታይኑ ድዱ (ሥሩ) ላይ ሲሰነጠቅ ቅኝቱ በድንገት ይወርዳል፤ በቅኝት ሞላው አልመለስ ካለ መሰበሩ ተቃርቧል። ጎማ ሲቀየር አሮጌውን ሙጫ በምላጭ እስከ መዶሻው ድረስ መፋቅ፣ አዲሱን በአንድ ጠብታ ሱፐር ግሉ ቀጥ አድርጎ ማስቀመጥ ነው። ሁለት ጠብታ ከሆነ ይተርፍና ጎማው ውስጥ ገብቶ ያደርቀዋል።

ሁለት ነገሮች ሳይስተካከሉ ቅኝት ውስጥ መግባት ከንቱ ድካም ነው። አንደኛው ቁልፉ እስከ መጨረሻው ተጭኖ ሳለ በጎማውና በታይኑ መካከል የሚቀረው ክፍተት ነው። ከጠበበ ጎማው ታይኑን ደግሞ ይነካና ድምፁ ይታነቃል፤ ከሰፋ በቀስታ ሲጫወቱ ኖታው አይወጣም። የባስ ታይን ብዙ ስለሚወዛወዝ ባስ ላይ ሰፋ፣ ላይኞቹ ላይ ጠበብ ይላል። ችግሩ ዳር እስከ ዳር ከሆነ ሃርፑ ከተቀመጠበት ድጋፍ ሥር ስስ ጣውላ ወይም ቆርቆሮ ይጨመራል ወይም ይቀነሳል። ሁለተኛው መዶሻው ታይኑን የሚመታበት መስመር ነው። እሱን የሚናገሩት ከፍተኞቹ ኖታዎች ናቸው፤ የሃርፑን ብሎኖች አላልቶ አንዱን ላይኛ ኖታ እየመቱ ሃርፑን ወደ ፊትና ወደ ኋላ በፀጉር ስፋት መግፋት፣ ድምፁ እንደ ደወል ሲጠራ እዚያው ማጥበቅ።

እያንዳንዱ ቶን ባር በሁለት ብሎን፣ በሁለት ሞላና በሁለት የጎማ ቀለበት ይቀመጣል። ጠቅላላው 146 ቀለበት ነው። እነዚህ ሲደርቁ ጉልበቱን እንጨቱ ይበላውና ኖታው ቶሎ ይሞታል። ተጣጥፎ የማይመለስ ቀለበት ከተገኘ አንድ አንድ እየፈለጉ ከመቀየር ሁሉንም ባንዴ መቀየር ይቀላል፤ ግማሹ አዲስ ግማሹ አሮጌ ሲሆን ኖታዎቹ አንድ ቤተሰብ አይመስሉም።

ቅኝቱ ታይኑ ላይ ባለችው ትንሽ ሞላ ነው። ወደ ነጻው ጫፍ ስትገፋ ድምፁ ይወርዳል፣ ወደ ድዱ ስትመለስ ይወጣል። ትገፋ እንጂ አትጎተት፤ ተለጥጣ ከላላች ሲጫወቱ ትንሸራተታለች፤ ትንጫጫለችም።

ከዚህ በኋላ የምወደው ሥራ ይመጣል፤ የድምፁ ቀለም። የታይኑ ጫፍ ልክ በፒክአፑ መሃል ትይዩ ከሆነ ዋናው ድምፅ ይጠፋና ኖታው አንድ ኦክታቭ ላይ የተጫወተ ያህል ይሰማል፤ ታይኑ በአንድ ውዝዋዜ መሃሉን ሁለቴ ስለሚያቋርጥ ነው። ቶን ባሩን ከያዙት ብሎኖች አንዷን ሩብ ዙር ሲያዞሩ ጫፉ ከመሃል ከፍ ይልና ሙሉው ኖታ ቀስ ብሎ ይገባል። የደወሉን ጠርዝ ሳያጡ ኖታው የሞላበት ቦታ ላይ ማቆም ነው። የፒክአፑ ርቀት ደግሞ ከ1.5 ሚሊሜትር ገደማ ይነሳና ወደ ላይኞቹ እየጠበበ ይሄዳል። ሲቀርብ ድምፁ ይጎላል፤ ጠንከር ሲመቱት ይጮሃል። ከመጠን በላይ ከቀረበ ታይኑ ፒክአፑን ይነካል።

እኩል መሆኑን ለመፈተን ከስኬል ይልቅ ትዝታን በቀስታ መጫወት ይሻላል። አምስት ኖታ ብቻ ስለሚመላለስ የደበዘዘ ወይም የጮኸ አንድ ኖታ ካለ በየዙሩ ብቅ ይላል፤ መደበቂያ የለውም። መነሻውን እየቀየሩ በአሥራ ሁለቱም ኖታዎች ሲሄዱ ያልተነካ ቁልፍ አይቀርም። ኪቦርድ ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ በ1985 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የቀረጸውን፣ አኮርዲዮንና ሮድስ አብረው የሚሄዱበትን ሥራ ያዳመጠ ሰው ይህ ቅኝት ሮድስ ላይ እንዴት እንደሚቀመጥ ያውቃል።

ይህ ሁሉ ተሠርቶ ታይኑ በጆሮ ጥርት ብሎ እየተሰማ በአምፕሊፋየሩ ዝም ካለ፣ አሁን ቴስተር ይውጣ። አንድ ፒክአፕ ብቻውን 180 ኦም ገደማ ነው። በሃርፑ ላይ ሦስት ሦስት ሆነው ጎን ለጎን ስለሚታሰሩ ደህና ቡድን 60 ገደማ ያነባል፤ አንዱ ከተቆረጠ 90፣ ሁለቱ ከተቆረጡ 180። ቡድኖቹ ደግሞ አንዱ ከሌላው ቀጥሎ ይታሰራሉ፤ ለዚህ ነው የአንዱ መቆረጥ የራሱን ኖታ ብቻ የሚያጠፋው፤ የአንድ ቡድን ሦስቱም ከሄዱ ግን ፒያኖው በሙሉ ዝም ይላል። ቁርጡ ብዙ ጊዜ ሽቦው ከመቋጫው ጋር በተበየደበት፣ አረንጓዴ ዝገት በያዘው ቦታ ነው። አንድ ዙር ሽቦ ከጥቅሉ በጥንቃቄ ፈትቶ፣ ጫፉን አጽድቶ፣ ካውያውን ሁለት ሰከንድ ብቻ አስነክቶ ማንሳት። ሽቦው ከፀጉር ስለሚቀጥን ያለ ማጉሊያ መነጽር አይሞከርም።

ፊቱ ላይ ያሉት ሁለት ማዞሪያዎች ሲንኮሻኮሹ በኮንታክት ማጽጃ ይነጻሉ፤ ካልሆነ ይቀየራሉ፤ የድምፁ 10 ኪሎ ኦም፣ የባሱ 50 ኪሎ ኦም ነው። የባሱ ማዞሪያ ስሙ ማጎልበቻ ቢሆንም ሥራው መቀነስ ነው፤ እስከ መጨረሻው ሲዞር የሚገኘው ያልተነካው ድምፅ ነው። አምፕሊፋየሩ ላይ ለውጥ ከመፈለግ በፊት እሱን ሞልቶ ማዳመጥ።

ስቴጁ 60 ኪሎ ገደማ ስለሆነ ለሁለት ሰው ነው። ሃርፑ ከመነሳቱ በፊት ወደ ማዞሪያዎቹ የሚሄደው ገመድ ይነቀል፤ ተረስቶ ሲነሳ ሶኬቱን ከነብየዳው ይነቅለዋል። እግሮቹ ሲፈቱ የፔዳሉ ዘንግ መጀመሪያ ይውጣ። ከመኪና ጉዞ በኋላ ደግሞ ላይኞቹን ኖታዎች እንደገና መፈተሽ ነው፤ ሃርፑ በጥቂቱም ቢንሸራተት ቀድመው የሚያስታውቁት እነሱ ናቸው።