የላላ የጠመንጃ ሪብ መልሼ ያጣበቅኩበት ሥራ

እናቴ ገበያ ወጥታ ምጣድ ስትመርጥ በጣቷ ኳ ኳ ታደርግና ጆሮዋን ትጥላለች። ድምፁ ጥርት ካለ ትገዛዋለች። ከታፈነ የተሰነጠቀ ነው፣ መልሳ ታስቀምጠዋለች። እዚህ ቨርጂኒያ ከአንድ ሟች ቤት የዕቃ ሽያጭ ላይ የገዛሁትን አሮጌ ባለሁለት አፍ የአደን ጠመንጃም የፈተንኩት እንደዚያው ነው። ባዶ መሆኑን አረጋገጥኩ። አፈሙዞቹን ከሰደፉ ለይቼ በሲባጎ አንጠለጠልኩና በጣቴ አንጓ መታ አደረግኳቸው። ደህና አፈሙዝ እንደ ደወል ይጮኻል። የኔው ግን እንደ ላላ የጣራ ቆርቆሮ ተንዘረዘረ።

ጠመንጃው የቤልጂየም፣ የሊዬዥ ሥራ ነው። በእንቁላል ቅርጽ ውስጥ ኢ፣ ኤል፣ ጂ የሚሉ ፊደሎች ተመትተውበታል። ይህ የከተማዋ የጠመንጃ መፈተሻ ቤት ምልክት ነው። ከላዩ ዘውድ ስለሌለው በፈረንጆቹ ከ1893 በፊት የተፈተነ ነው። አፈሙዞቹ ደማስቆ የሚባሉት ናቸው። የብረትና የአረብ ብረት ዘንጎች አንድ ላይ ተገምደው፣ ከዚያ እንደ ጥምጥም ተጠቅልለው በእሳት ተቀጥቅጠዋል። ላያቸው ላይ የቀረው ጥለት እጅግ ያምራል። እንዲህ ያለ የእጅ ሥራ በቸልታ ሲበላሽ ማየት ያመኛል።

ሪብ የሚባለው በሁለቱ አፈሙዞች መሃል፣ ከላይና ከታች፣ ርዝመታቸውን ሙሉ የሚሄደው ቀጭን ብረት ነው። የተያዘው በቆርቆሮና በእርሳስ ቅልቅል፣ በሶልደር ነው። የኔ የላይኛው ሪብ ጫፉ ላይ አንድ ስንዝር ያህል ለቆ ምላጭ ያስገባ ነበር።

መጀመሪያ የላላውን ስንዝር ብቻ ላጣብቅ አልኩ። ትልቁ ስህተቴ ይሄ ነው። አሲድ ያለው ፍለክስ (ሶልደሩ ብረቱን እንዲይዝ የሚረዳ ማጽጃ) አስገባሁ፣ በጋዝ እሳት አሞቅኩ፣ ሶልደር አፈሰስኩ። ሲያዩት ተያይዟል። ነገር ግን ሙቀት አንድ ቦታ አይቆምም። 60 እጅ ቆርቆሮ፣ 40 እጅ እርሳስ የሆነ ሶልደር 190 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይቀልጣል። አንዱን ጫፍ ሳሞቅ ደህና የነበረው የታችኛው ሪብም ለቀቀ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ደግሞ ከሪቡ ጠርዝ ቀይ ዝገት እንደ እንባ ወረደ። ውስጥ የቀረው አሲድ ብረቱን እየበላ ነበር።

አንድ በዕድሜ የገፉ የጠመንጃ ጠጋኝ አሳየኋቸው። «ሁለቱንም አውልቅ። በቆሻሻ ላይ ምንም አይጣበቅም» አሉኝ።

አወለቅኳቸው። ከስር የደረቀ ዘይት እንደ ሬንጅ ጠቁሮ፣ የዝገት ዱቄት ተጠራቅሞ አገኘሁ። ማጽዳቱ ብቻ አራት ቀን ፈጀ። ሶዳ በሟሟበት ውሃ ቀቀልኩ፣ አሮጌውን ሶልደር ፋቅኩ፣ በሽቦ ብሩሽ አሸሁ፣ ቅባት በሚያስለቅቅ አሴቶን ጠረግኩ። ከዚያ በኋላ በባዶ ጣት አልነካሁትም፤ ለማበላሸት የእጅ ወዝ ይበቃዋል። የአፈሙዙን ውፍረት የሚለካውም ያኔ ነው። ከሪቡ ስር ዝገት ጉድጓድ ቆፍሮ ከሆነ ጠመንጃው ግድግዳ ላይ ይሰቀላል እንጂ አይተኮስበትም።

ቀጥሎ የሚገናኙትን ፊቶች ሁሉ ለየብቻ በስሱ ሶልደር ቀባኋቸው። ፍለክሱ አሁን ከጥድ ሙጫ የተሠራው ነው። ሶልደሩ ሲቀልጥ በጥጥ ጨርቅ ጠረግ ሲያደርጉት ፊቱ እንደ መስታወት ያበራል። ያላበራ ቦታ ካለ አልጸዳም ማለት ነው፣ ይደገማል። ሶልደር እንዳይነካው የምፈልገውን ቦታ የሻማ ጥላሸት ቀባሁት።

ሪቦቹን ቦታቸው አስቀምጬ በየ5 ሴንቲሜትሩ በለስላሳ ሽቦ አሰርኩ። በሽቦውና በሪቡ መሃል ትናንሽ የብረት ሽብልቅ አስገባሁ። ሙቀቱን በጥንቱ መንገድ ሰጠሁት፦ የብረት ዘንጎች ከሰል ላይ አግሎ አፈሙዞቹ ውስጥ ማስገባት። ሙቀቱ ከውስጥ እኩል ይመጣል፣ ጥለቱንም እሳት አይነካውም። ጠርዙ ላይ ሶልደሩ ብልጭ ሲል ሽብልቁን መታ አድርጌ ወደሚቀጥለው ስንዝር። በርና መስኮት ክፍት ነበር፤ የእርሳስ ነገር ቀልድ አይደለም። ሲያልቅ ውሃ አላፈሰስኩበትም። እስኪነጋ ድረስ ሳልነካው በራሱ በረደ።

ጠዋት ሽቦውን ፈትቼ እንደገና በሲባጎ አንጠለጠልኩት። መታ ሳደርገው ጮኸ። ድምፁ ቶሎ አልጠፋም፣ ጋራዡ ውስጥ ቆየ። ቆሜ ሦስት አራት ጊዜ ደገምኩት።

አሁን የቀረው ቀለሙ ነው። ዘመናዊው የሚፈላ የኬሚካል ማጥቆሪያ ሶልደሩን ስለሚበላው ለእንዲህ ያለ አፈሙዝ አይሆንም። ብረቱ በዝግታ እንዲዝግ እያደረጉ፣ በንጹህ ውሃ እየቀቀሉ፣ እየወለወሉ ነው የሚቀለመው። ውሃ በ100 ዲግሪ ስለሚፈላ ሶልደሩን አያቀልጠውም። ሦስተኛው ዙር ላይ ነኝ፤ ጥለቱ ብቅ ማለት ጀምሯል።