ለቲንክፓድ ቲ42 አዲስ ዲስክ፦ ዊንዶውስ ኤክስፒና ዴቢያን ጎን ለጎን

በአማርኛ የተጻፉ የቆዩ የኮምፒውተር ሰነዶችን በእጁ የያዘ ሰው አንድ ችግር ሳይገጥመው አይቀርም። ፋይሉ ይከፈታል፤ በገጹ ላይ የሚታየው ግን እርስ በርሱ የተዘበራረቀ የላቲን ሆሄና የሥርዓተ ነጥብ ክምር ነው። ፋይሉ አልተበላሸም። የግዕዝ ፊደል ለየቋንቋው ፊደል የራሱን ኮድ በሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሥርዓት፣ በዩኒኮድ ውስጥ ቦታ ያገኘው በ1999 በወጣው ሦስተኛው እትም ሲሆን (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ የኮምፒውተር ጽሑፍ ቤቶችና መሥሪያ ቤቶች ግን ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት እንደ ቪዥዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝ ባሉ ፕሮግራሞች ሲጽፉ ቆይተዋል። የዚያ ዘመን አሠራር የአማርኛውን ፊደል ለላቲን ሆሄ በተመደበው ኮድ ላይ ያስቀምጠው ነበር። አንድ እንዲህ ያለ ፎንት ቢበዛ 256 ምልክቶች ብቻ የሚይዝ በመሆኑና ፊደላችን ከነእርባታው፣ ከነዲቃላውና ከነቁጥሩ ከዚህ ስለሚያልፍ፣ አንዳንዱ አዘጋጅ ፊደሉን በበርካታ ፎንቶች ላይ አከፋፈለው፤ ሌላው ከቁርጥራጭ ምልክቶች እየገጣጠመ ሠራው። ስለዚህ ሰነዱን አማርኛ የሚያደርገው ፎንቱና ፕሮግራሙ ነው፤ እነዚያ ከሌሉ የሚቀረው የላቲን ኮድ ብቻ ነው።

እኔ ዘንድ እንዲህ ያሉ ሰነዶች በብዛት አሉ፤ የዕድር መተዳደሪያ ደንቦች፣ ያልታተሙ የመጽሐፍ ረቂቆች፣ የመመረቂያ ጽሑፎች። እነዚህን በተጻፉበት ፕሮግራም ከፍቼ፣ ከዚያ ወደ ዩኒኮድ የምለውጥበት አንድ ማሽን ስላስፈለገኝ አሮጌ ቲንክፓድ ቲ42 ላፕቶፕ ላይ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር አካል የሌለው ዲስክ) ገጠምሁ፤ በአንዱ ወገን ዊንዶውስ ኤክስፒን፣ በሌላው ዴቢያን ሊኑክስን ጫንሁበት። በአዲስ ኮምፒውተር ውስጥ ኤክስፒን በቨርቹዋል ማሽን (በፕሮግራም በተሠራ ምናባዊ ኮምፒውተር) ማስነሣት ይቻል አልነበረምን የሚል ጥያቄ ቢነሣ ተገቢ ነው፤ ለብዙ ሰው ያ መንገድ ይበቃዋል ብዬም አምናለሁ። እኔን ያሳመነኝ ማሽኑ ዛሬ የሚሸጡ ላፕቶፖች የተዉአቸውን የሲዲ ማጫወቻና የፓራለል ፕሪንተር መሰኪያ የያዘ መሆኑ ነው። የቁልፍ ሰሌዳውም አለ፤ ብዙ ገጽ ለሚያርም ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ቲ42 በ2004 የወጣ፣ አይቢኤም የግል ኮምፒውተር ክፍሉን በ2005 ለሌኖቮ ከማስተላለፉ በፊት የተሠራ ላፕቶፕ ነው። ፔንቲየም ኤም ፕሮሰሰር አለው፤ ራሙ እስከ 2 ጊጋባይት ይደርሳል፤ ሃርድ ዲስኩ ደግሞ አይዲኢ በሚባለው የቀድሞ የዲስክ መስመር በ44 ፒን የሚገናኝ ባለ 2.5 ኢንች ነው። ታናሽ ወንድሙ ቲ43 በመልክ ሊለይ የማይችል ቢሆንም ለዚህ ሥራ አልመክረውም። በቲ43 ውስጥ ሳታን (ከአይዲኢ በኋላ የመጣውን የዲስክ መስመር) ወደ አይዲኢ የሚቀይር ቺፕ አስቀድሞ ስላለና ባዮሱም (ማሽኑን መጀመሪያ የሚያስነሣው ፕሮግራም) የማያውቀውን ዲስክ ሲያገኝ 2010 የሚል ቁጥር ያለው ማስጠንቀቂያ እያሳየ ስለሚያስቸግር፣ በዚያ ላይ ሌላ መቀየሪያ (አዳፕተር) መጨመር ችግር መጋበዝ ነው። ቀጥሎ የመጣው ቲ60 በቀጥታ ሳታ ስለሚጠቀም ዲስኩን መቀየሩ ይቀላል፤ ይሁን እንጂ የኤክስፒ መጫኛ ሲዲ ኤኤችሲአይ የሚባለውን አሠራር ስለማያውቅ በባዮስ ውስጥ ወደ ቀድሞው አሠራር ካልመለሱት ዲስኩን ጨርሶ አያየውም። በቲ42 ላይ ሲዲው ምንም ተጨማሪ ድራይቨር ሳይጠይቅ ሥራውን ይጀምራል።

ኤስኤስዲ ለእንዲህ ያለ ማሽን ምን ይጨምራል የሚለውን በቁጥር ማየት ይሻላል። የማሽኑ የአይዲኢ መስመር በሰከንድ ከ100 ሜጋባይት በላይ አያሳልፍም፤ ስለዚህ በኤስኤስዲው ካርቶን ላይ የታተመው ትልቅ የፍጥነት ቁጥር እዚህ ትርጉም የለውም፤ በርካሹና በውዱ መካከል ያለው ልዩነትም አይታይም። ትርፉ ያለው በሌላ ቦታ ነው። በደቂቃ 5400 ጊዜ የሚሽከረከር ዲስክ አንድ ዙር ለመጨረስ 11 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል፤ የሚፈለገው መረጃ ከማንበቢያው ሥር እስኪደርስ በአማካይ የዚህን ግማሽ መጠበቅ አለ፤ ክንዱ ወደ ትክክለኛው መስመር እስኪዘዋወር ደግሞ ሌላ 12 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይጨመራል። ይህም ለእያንዳንዱ ሸቀጥ መሰላል እንደሚወጣ ባለ ሱቅ በሰከንድ ከ60 የማይበልጥ ቦታ ብቻ መድረስ ማለት ነው። ኤክስፒ ሲነሣ የሚያነብባቸው ፋይሎች በሺዎች የሚቆጠሩ፣ ጥቃቅንና የተበታተኑ በመሆናቸው ማሽኑ የሚያንቀላፋው እዚህ ላይ ነው። ኤስኤስዲ የሚሽከረከርና የሚንቀሳቀስ አካል ስለሌለው ተመሳሳይ ጥያቄ ከአንድ ሚሊ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይመልሳል። ፕሮሰሰሩ ያው አሮጌው ነው፤ ስለዚህ የዛሬ ድረ ገጾች አሁንም ይከብዱታል። ዎርድ ግን ጠቅ እንዳደረጉት ይከፈታል። ራሙ 512 ሜጋባይት ብቻ ከሆነ፣ ኤስኤስዲ ከመግዛት በፊት ራም መጨመር እንደሚቀድም እዚህ ላይ መናገር አለብኝ።

በ44 ፒን የሚገጠም አዲስ ኤስኤስዲ በቀላሉ ስለማይገኝና ሲገኝም ከሚገባው በላይ ስለሚወደድ፣ የተሻለው መንገድ ኤምሳታ የሚባለውን ትንሽ ኤስኤስዲ ወደ 44 ፒን አይዲኢ በሚቀይር አዳፕተር ላይ መሰካት ነው። አዳፕተሩ የ2.5 ኢንች ዲስክ ቅርጽ ይዞ ሲመጣ በዲስኩ መያዣ ውስጥ ያለ ችግር ይቀመጣል። አሮጌው ዲስክ የሚወጣው ከላፕቶፑ ሥር ያለችውን አንዲት ብሎን በካቻቪቴ ፈትቶ በጎን በመሳብ ነው፤ ባትሪው አስቀድሞ መውጣት አለበት። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው በፒኖቹ ላይ ነው። ከ44ቱ ፒኖች አጠገብ ትንሽ ክፍተት ትተው የቆሙ አራት ሌሎች ፒኖች ስላሉ፣ አዳፕተሩ በአንድ ረድፍ ተዛንፎ ቢሰካ ኤሌክትሪኩ ወደማይገባው ቦታ ይሄዳል። ላፕቶፑን ሲያነሡም በሁለት እጅ መያዝ ይገባል፤ በአንድ ማዕዘን ይዞ ማንጠልጠል የግራፊክስ ቺፑን ብየዳ በጊዜ ብዛት እንደሚያላቅቅ በዚህ ሞዴል ባለቤቶች ዘንድ የታወቀ ነው።

የዲስኩ መጠን ከ128 ጊጋባይት ባይበልጥ ይመረጣል። በጥንቱ አሠራር የዲስክ አድራሻ 28 ቢት ብቻ ስለነበረ ሊደረስበት የሚችለው 137 ቢሊዮን ባይት ያህል ነው፤ መጀመሪያ የወጣው ኤክስፒ ይህን ገደብ አያልፍም፤ ገደቡ የተነሣው ሰርቪስ ፓክ 1 ሲመጣ ነው። በእጅ ያለው የመጫኛ ሲዲ ከየትኛው ዘመን እንደሆነ ከመመርመር ይልቅ ገደቡን በማያልፍ ዲስክ መሥራት ያሳርፋል። ለሰነድ ሥራ ደግሞ 120 ጊጋባይት እንኳ ተርፎ የሚፈስ ነው።

ብዙ ሰው ቸል የሚለው የፓርቲሽን (የዲስክ ክፍልፋይ) አከፋፈሉን ነው፤ የዚህ ሁሉ ሥራ ዕጣ የሚወሰነው ግን እዚሁ ላይ ይመስለኛል። ኤክስፒ ራሱ ዲስኩን ሲከፋፍል የመጀመሪያውን ፓርቲሽን ከ63ኛው ሴክተር (የዲስክ ትንሹ የመጻፊያ ክፍል) ያስጀምራል። ሴክተሩ 512 ባይት ሲሆን ኤስኤስዲው ደግሞ በውስጡ ቢያንስ በ4096 ባይት ጥቅል የሚሠራ በመሆኑ፣ ከዚህ ቦታ የተነሣ ፓርቲሽን ጥቅሎቹን እያጋመሰ ይሄዳል፤ አንድ ጊዜ መጻፍ በሚበቃበት ቦታ ሁለት ጊዜ ያጽፋል። ስለዚህ ከሊኑክስ ዲቪዲ አስነሥቶ ጂፓርትድ በሚባለው ፕሮግራም ከ2048ኛው ሴክተር፣ ማለትም ከአንድ ሜጋባይት ላይ የሚጀምር ፓርቲሽን አስቀድሞ መሥራትና ኤክስፒን በተዘጋጀለት ቦታ ላይ እንዲጫን ማድረግ ይገባል። ይህ አሠራር ሌላም ጥቅም አለው፤ ግሩብ የሚባለው የሊኑክስ ማስነሻ የሚቀመጠው ከመጀመሪያው ፓርቲሽን በፊት ባለችው ክፍት ቦታ ውስጥ በመሆኑ፣ በኤክስፒ አሠራር ከምትተርፈው 31 ኪሎባይት ጠባብ ቦታ ይልቅ በሜጋባይቷ ውስጥ እንደ ልቡ ይዘረጋል። እኔ አራት ዋና ፓርቲሽኖች ሠራሁ፤ ለኤክስፒ፣ ለሁለቱም የጋራ ለሚሆነው ማስቀመጫ፣ ለዴቢያን እና ራም ሲሞላ ለሚያግዘው ለስዋፕ። በኤክስቴንድድ ፓርቲሽን ውስጥ ሌሎችን አልፈለፈልሁም፤ የኤክስፒ የዲስክ ማስተዳደሪያ በሌላ ሲስተም እንዲህ የተሠሩትን ሊያጠፋቸው ይችላልና።

ኤክስፒ ሁልጊዜ ቀድሞ ይጫናል። ሲጫን የዲስኩን የመጀመሪያ ሴክተር በራሱ ኮድ ስለሚሸፍነው፣ ከኋላ የመጣ እንደሆነ የሊኑክሱን ማስነሻ ያጠፋዋል። ሊኑክስ በኋላ ሲመጣ ግን ኤክስፒን ፈልጎ በምርጫ ዝርዝሩ ውስጥ ያስገባዋል። አዲሱ ግሩብ ይህን ፍለጋ በራሱ ፈቃድ ስለማይጀምር፣ ኤክስፒ በዝርዝሩ ላይ ካልታየ በማዋቀሪያ ፋይሉ ውስጥ ፍለጋውን መፍቀድና ዝርዝሩን እንደገና ማመንጨት ይበቃል።

ከሊኑክሶቹ ዴቢያን 12ን የመረጥሁት ምርጫው ጠባብ ስለሆነ ነው። የቲ42 ፔንቲየም ኤም 32 ቢት ብቻ ነው፤ በዚያ ላይ ፒኤኢ የሚባለውን (32 ቢት ፕሮሰሰር ከ4 ጊጋባይት በላይ ራም እንዲደርስ የሚያስችለውን) ችሎታ እንዳለው ለሲስተሙ አይናገርም፤ ብዙ 32 ቢት ሊኑክሶች ደግሞ ያለዚህ አይነሡም። በ2023 የወጣው ዴቢያን 12 ፒኤኢ የማይጠይቅ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) አለው። በ2025 የወጣው ዴቢያን 13 ግን ለ32 ቢት ፒሲዎች መጫኛም ከርነልም ስለማያቀርብ በዚህ ማሽን ላይ ወደ እሱ ማደግ አይቻልም። ለሥራ ገጽ (ዴስክቶፕ) ኤክስኤፍሲኢ የሚባለውን ወይም ከእርሱ የቀለለ መምረጥ ይሻላል።

ሁለቱ ሲስተሞች አብረው መኖር ሲጀምሩ መጀመሪያ የሚጣሉት በሰዓት ነው። ኤክስፒ በማሽኑ ውስጥ ያለውን ሰዓት እንደ አካባቢ ሰዓት ያነብበዋል፤ ዴቢያን ግን እንደ ዓለም አቀፍ ሰዓት ይቆጥረዋል። አዲስ አበባ ከዓለም አቀፉ ሰዓት በሦስት ሰዓት ስለምትቀድም፣ ከአንዱ ወደ ሌላው በተሸጋገሩ ቁጥር ሰዓቱ በሦስት ሰዓት ይዛነፋል። ሰዓትን ከስክሪኑ ቁጥር በስድስት እየለየ ማንበብ የለመደ ሰው ይህን መዛነፍ ቶሎ ላያስተውለው ይችላል፤ የትኛው ረቂቅ የመጨረሻው እንደሆነ በፋይሉ ሰዓት ለመለየት ሲሞክር ግን ይጠፋበታል። ዴቢያን የማሽኑን ሰዓት እንደ አካባቢ ሰዓት እንዲያነብ ማዘዝ ነገሩን ይፈታዋል።

የጋራው ፓርቲሽን ፋት32 በሚባለው የፋይል አደረጃጀት የተሠራ ነው፤ ሁለቱም ወገን ያለ ማመንታት ያነብቡታል፣ ይጽፉበታልም። በዚህ ላይ አንድ ጥብቅ ደንብ አለኝ፤ በኤክስፒ ላይ ሃይበርኔሽን (ማሽኑ የራሙን ይዘት ዲስክ ላይ አስቀምጦ የሚተኛበት አሠራር) ፈጽሞ ተዘግቷል። ኤክስፒ እንዲህ ተኝቶ ሳለ በሊኑክስ በኩል በጋራው ፓርቲሽን ላይ ከተጻፈ፣ ኤክስፒ ሲነቃ በራሙ የያዘውን የቀድሞውን ዝርዝር ይዞ ይቀጥልና ፋይሎቹን ያመሳቅላቸዋል። የኤክስፒ የኔትወርክ ካርድም እንዲሁ ተዘግቷል። ማይክሮሶፍት ለኤክስፒ የሚሰጠውን ድጋፍ ያቆመው በኤፕሪል 2014 ስለሆነ ኢንተርኔት የዴቢያን ድርሻ ነው።

ሥራው ራሱ እንዲህ ይሄዳል። ሰነዱ በኤክስፒ ላይ፣ በተጻፈበት ፕሮግራምና ፎንት ይከፈታል፤ በዓይን የሚታየው ገጽ በፒዲኤፍ ይቀመጣል፤ ጽሑፉ ደግሞ በአርቲኤፍ። ፒዲኤፉ ለማመሳከሪያ ብቻ ነው፤ ከውስጡ ጽሑፍ ቢገለበጥ የሚወጣው ያው የላቲን ዝብርቅ ነው። አርቲኤፍን የመረጥሁት እያንዳንዱ ቁራጭ በየትኛው ፎንት እንደተጻፈ መዝግቦ ስለሚይዝ ነው፤ ይህ መረጃ ከሌለ አንድ ምልክት እውነተኛ የእንግሊዝኛ ሆሄ ይሁን በአማርኛ ፎንት የለበሰ ይሁን የሚታወቅበት መንገድ የለም። ተራ የጽሑፍ ፋይል አድርጎ ማስቀመጥ ይህን ይጥለዋል። በዴቢያን በኩል ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ የጻፍሁት ትንሽ ፕሮግራም ለእያንዳንዱ ፎንት ባዘጋጀሁት ሠንጠረዥ መሠረት ኮዱን ወደ ዩኒኮድ ይለውጠዋል። ፊደሉን ከቁርጥራጭ በሚገጣጥሙ ፎንቶች ላይ ሁለትና ሦስት ኮዶች አንድ ፊደል ስለሚሆኑ ረጅሙን ጥምረት አስቀድሞ መፈለግ ያስፈልጋል፤ አጭሩ ከቀደመ የተረፈው ቁራጭ ብቻውን ይቀርና ቃሉን ያበላሸዋል።

ስለ ኤስኤስዲው ዕድሜ የሚቀር አንድ ነገር አለ። ትሪም የሚባለውን፣ የተሰረዘ ቦታ የትኛው እንደሆነ ለዲስኩ የሚነግረውን ትእዛዝ ኤክስፒ አያውቀውም፤ ከዊንዶውስ ዘር ይህን የጀመረው ዊንዶውስ 7 ነው። ዴቢያን ቢያውቀውም የአዳፕተሩ ቺፕ ትእዛዙን ካላሳለፈ አይጠቅምም። በዚህ ምክንያት ከዲስኩ መጨረሻ ላይ 15 ጊጋባይት ያህል ምንም ፓርቲሽን ሳልሠራበት ተውሁት፤ ዲስኩ በውስጡ ለሚያደርገው መልሶ ማደላደል መተንፈሻ ይሆነዋል። በኤክስፒ ላይም ዲስክ ማደራጃውን አላስነሣውም፤ ለኤስኤስዲ ጥቅም የሌለው ድካም ነው። ደግሞም ኤስኤስዲ ኤሌክትሪክ ሳያገኝ ለዓመታት ከተቀመጠ የያዘውን ሊለቅ ስለሚችል፣ ሁሉም ከተስተካከለ በኋላ ማሽኑን ከዲቪዲ በሚነሣ ሊኑክስ አስነሥቼ የሙሉውን ዲስክ ምስል በውጭ ሃርድ ዲስክ ላይ አስቀምጫለሁ። ኤምሳታው ነገ ቢሞት፣ መጠኑ ያላነሰ ሌላ ገዝቶ ምስሉን መልሶ መጻፍ ብቻ ይቀራል፤ ኤክስፒን ከሲዲ የመጫኑም ሆነ ፎንቶቹን እንደገና የመሰብሰቡ ሥራ አይደገምም።